ክረምት ሳይገባ፤ ስለ ብርድ ወራትና ሥር ስለ ሰደደ ሕመም

ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት የአንዱ እግዚአብሔር ሥራዎች ናቸው። ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን እቶን ውስጥ ቆመው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና በጠሩ ጊዜ እሳትን ብቻ አልጠሩም፤ ብርድንም ውርጭንም ከአመስጋኞች ጉባኤ ቈጥረዋቸዋል። ስለዚህ ብርድ በተፈጥሮው ክፉ ነው አንልም። ይሁን እንጂ መልካም የሆነ ፍጥረት ሁሉ ለሰው ሁሉ በአንድ መጠን አይስማማም። ለጤነኛው ጎልማሳ እንቅልፍ የሚያጣፍጥለት የኅዳር ሌሊት፣ ደረቱ ለታፈነ፣ ልቡ ለደከመ፣ ጉልበቱን ቁርጥማት ለያዘው ሰው የጭንቅ ሌሊት ይሆንበታል። በዛሬው ትምህርታችን የምንነጋገረው ከዓመት እስከ ዓመት ከደዌው ጋራ ስለሚኖረው ስለዚህ ሰው ነው።

በየደብሩ የምናውቃቸውን አንድ አባት እናስብ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ አስም ከያዛቸው ብዙ ዘመን የሆናቸው መሪጌታ ናቸው። በልደት ዋዜማ ለማኅሌት ሲነሡ ጋቢያቸውን ቤት ይተዋሉ፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም በደቀ መዛሙርታቸው ፊት ከኪስ ማውጣቱን ስለሚያፍሩ ከራስጌያቸው ያኖሩታል። ሌሊቱ ሲጋመስ ደረታቸው ማፏጨት ይጀምራል፤ ድምፃቸውም ይቈራረጣል። ቢሆንም አይቀመጡም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ዐሥራ አምስት ቀን ከአልጋ አይነሡም። በዚያው አጥቢያ ደግሞ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እማሆይ አሉ፤ እግራቸው ከደነዘዘ ሰንብቷልና በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ በባዶ እግራቸው ሲቆሙ ብርዱም እሾሁም አይታወቃቸውም። የሁለቱንም ስም አንጠራም፤ አንባቢው ግን በገዛ አጥቢያው ያሉትን፣ እነርሱን የሚመስሉትን ሰዎች ማሰብ አይቸግረውም።

እነዚህ ሰዎች የሚጎዱት በብርዱ ብቻ አይደለም፤ «ብርድ ፈራ፣ እምነቱ ላላ ይሉኛል» በሚል ኀፍረት ጭምር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛ ራሱን ከብርድ መጠበቁ የእምነት ጉድለት አለመሆኑን፣ እርሱን መጠበቅም የጉባኤው ሁሉ ዕዳ መሆኑን ነው።

የሐዋርያው በርኖስ

ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሳለ፣ የሚያርፍበት ጊዜ መቅረቡን ዐውቆ፣ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት ጻፈለት። በዚህ መልእክት በምዕራፍ 4 ሦስት ነገሮች ተቀራርበው ተጽፈው እናገኛለን። አንደኛው፣ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ማዘዙ ነው። ሁለተኛው፣ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው መንገሩ ነው። ሦስተኛው፣ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት መለመኑ ነው።

በርኖስ ምን እንደሆነ ለደጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀው ሐዋርያ በወህኒ ቤት ብርድ እንደሚያገኘው ዐውቆ በርኖሱን ለመጠየቅ አላፈረም። የሞቱ ቀን መቅረቡን ያወቀ ሰው ሳለ፣ ጥቂት ጊዜ ለቀረው ሥጋ ልብስ ምን ይሠራለታል ብሎም አልተወም። ደግሞም በማልታ ደሴት ብዙ ድውያንን የፈወሰው እርሱ ራሱ ጥሮፊሞስን ታሞ ትቶታል። ስለ ራሱም በሥጋው የነበረው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ ጸጋው እንደሚበቃው ተነገረው እንጂ መውጊያው አልተነሣለትም። መልእክቱ የተላከለት ጢሞቴዎስም ቢሆን ሆዱን የሚታመም፣ ደዌ የሚደጋገምበት ሰው እንደ ነበረ ከመጀመሪያው መልእክት እንረዳለን። እንግዲህ ደዌ በአንድ ሰው ላይ መቈየቱ የታማሚውን እምነት ማነስ የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ቅዱሳን አስቀድሞ የሚነቀፍ ባልተገኘም ነበር።

በማልታ ደሴት ስለሆነውም ነገር እናስተውል። መርከባቸው የተሰበረባቸው 276 ሰዎች ከባሕር ወጥተው በዝናምና በብርድ ሲንቀጠቀጡ፣ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ቅዱስ ሉቃስ ይህን በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 28 ሲጽፍ እንደ ታላቅ ቸርነት ቈጥሮታል። እርሱ ሐኪም ነበረና በብርድ ለተመታ ሰው እሳት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ብርድ በሰውነት ላይ የሚሠራው

የሰው ሰውነት ውስጡ በ37 ዲግሪ አካባቢ እንዲጠበቅ ሆኖ ተፈጥሯል። ብርድ በነካው ጊዜ በቆዳ፣ በእጅና በእግር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ይህ ልብንና አንጎልን እንዳይቀዘቅዙ የሚጠብቅ የፈጣሪ ጥበብ ነው። ነገር ግን ሥሮቹ ሲጠቡ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ልብም በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት አብዝቶ ይሠራል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ የደከመ ልብ ግን ይጨነቃል። እንዲሁም ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአስም ሕመምተኛን የመተንፈሻ ቧንቧ ያጠብበዋል። ቁርጥማት ያለበትም ሰው መገጣጠሚያው በብርድ ሲደርቅና ሲያመው ይሰማዋል።

አገራችን በምድር ወገብ አጠገብ ብትሆንም ብርድን የሚያመጣብን የምድሩ ከፍታ ነው። አንድ ሺሕ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቍጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ብርሃን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የእንጦጦ ተራራ፣ የሰሜንና የመንዝ ደጋ ሰዎች ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል። ብርዱም ሁለት ዐይነት ነው። የክረምቱ ብርድ እርጥብ ነው፤ የራሰ ልብስ ከደረቅ ልብስ ይልቅ የሰውነትን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል። የበጋው ብርድ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚጋርድላት ደመና ሳይኖር ሌሊቱን ትለቀዋለች፤ ማለዳም ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል።

እነዚህ ወራት ደግሞ የታላላቅ በዓሎቻችን ወራት መሆናቸውን ልብ እንበል። ኅዳር 21 የጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል፣ ታኅሣሥ 29 የልደት፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው። ማኅሌት የሚቆመው፣ ታቦት አጅቦ በድንኳን ዙሪያ የሚታደረው ሌሊቱ ከሁሉ ይልቅ በሚበርድበት ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮም ጾመ ነቢያት ስለሆነ፣ ሰውነት ሙቀት የሚያገኝበት ምግብ ይዘገያል። እንግዲህ ብርድ፣ ጾምና ትጋሃ ሌሊት በአንድነት የሚገናኙት በዚህ ወቅት ነውና ሕመምተኛ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባዋል።

ለእያንዳንዱ ደዌ የሚገባው ጥንቃቄ

1ኛ፤ አስም ያለበት ሰው ማለዳና ሌሊት ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍን፤ የሚስበው አየር በነጠላው ውስጥ ሲያልፍ ይሞቅለታልና። መድኃኒቱ ከእርሱ አይለይ። በቤተ ክርስቲያንም የዕጣኑ ጢስ ከሚበዛበትና ከበሩ የሚገባው ነፋስ ከሚመታበት ቦታ ራቅ ብሎ ይቁም። ትንፋሹ ካጠረበት መድኃኒቱን እዚያው ይውሰድ፤ ካልተሻለው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት እንጂ ሥርዐቱ እስኪፈጸም ልታገሥ ማለት አይገባውም።

2ኛ፤ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ደኅና ነኝ ብሎ በብርድ ወራት መድኃኒቱን አያቋርጥ። ከሞቀ መኝታ ድንገት ተነሥቶ ወደ ውርጭ አይውጣ፤ ለብሶ፣ ጥቂት ተንቀሳቅሶ፣ ራሱንና ጆሮውን ሸፍኖ ይውጣ እንጂ። ዳገቱንም ቀስ እያለ፣ እያረፈ ይውጣው። ደረቱን ጭምቅ ካደረገው ግን ያንጊዜውኑ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ያሉትም ፈጥነው ወደ ሐኪም ያድርሱት።

3ኛ፤ በአብነት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆችን መምህራኑ ይመልከቱ። ልጆች በብርድ ወራት በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ሲያድሩ የጕሮሮ ሕመም ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ከእነዚህ የጕሮሮ ሕመሞች አንዳንዱ ሳይታከም ቢቀር ቈይቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ ደዌ ያስከትላል። ይህ ደዌ የያዘው ወጣት ሐኪም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ያዝለታል። መንገድ ወይም በዓል ምክንያት ሆኖ ይህ ቀጠሮ መታለፍ የለበትም፤ መምህሩም የጥናቱን ቀን እንደሚቈጥርለት የመርፌውን ቀን ይቍጠርለት።

4ኛ፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማታ ማታ እግሩን በብርሃን ይመርምር፤ የውስጥ እግሩንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ይመልከት። የደነዘዘ እግር ቢቈስልም አይናገርምና። እግሩ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ወደ ፍም አያስጠጋ፣ የሚያቃጥል ውሃ የተሞላ ጠርሙስም ከእግሩ ሥር አያድርግ፤ ሳይታወቀው ይቃጠላልና። የሚታጠብበትን ውሃ በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ፤ ከታጠበ በኋላ አድርቆ የሱፍ ካልሲ ያድርግ። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ መድኃኒቱን ውርጭ እንዳይነካው ይጠብቅ፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኀይሉን አጥቷልና አይወጋም። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ይታወቅ፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ ነገር ይጠፋበታል። አጠገቡ የቆመ ሰው «በርዶት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሕመሙን የሚያውቅ ግን መዋጥ እስከቻለ ድረስ ፈጥኖ ስኳር ወይም ማር ይስጠው፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨምር ወደ ሐኪም ያድርሰው። በዚያ ቀን ጾሙን መፍታቱ ነፍሱን ማትረፉ ነው እንጂ በደል አይደለም።

5ኛ፤ ቁርጥማት ያለበት ሰው ተቀምጦ አይዋል። ከመነሣቱ በፊት በብርድ ልብሱ ውስጥ ሳለ እጁንና ጉልበቱን እያጠፈ ይዘርጋ፤ ልብሱንም ከአንድ ወፍራም ይልቅ በደራረበው ቍጥር፣ በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይጠብቅለታል።

ብርድን በሚሸሹበት ጊዜ የሚያጋጥም ሞት

ብርድን ስንሸሽ ከብርድ የሚከፋ ነገር እንዳያገኘን እንጠንቀቅ። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት ማሳደር ሰው ይገድላል። ከሰሉ ጢሱ ጠፍቶ ፍም ቢመስልም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ደም አየር እንዳይሸከም ይከለክላል። ራሱን ያመመውና እንቅልፍ የተጫነው ሰው ድካም መስሎት ይተኛል፤ አይነቃምም። ልብና ሳንባ የታመመበት ሰው ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል። ስለዚህ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ እሳት ባለበት ጊዜም በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ፣ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ መክሯል። በየጎጆው ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ መምረግ፣ መኝታውን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ከሥር ድርቆሽ ወይም ቍርበት ማንጠፍ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አረቄ ያሞቃል የሚባለውም አሳሳች ነገር ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፤ ነገር ግን የውስጡ ሙቀት በዚያው በር ይወጣል። በሌሊት መንገድ አረቄ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው የሞቀው እየመሰለው ይቀዘቅዛል። ትኵስ አጥሚት ወይም ሾርባ ከዚህ ይሻላል።

ስለ ጠበልና ስለ ጾም

ጠበል የእግዚአብሔር በረከት ነው፤ መድኃኒትም ከእርሱው ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ ብልህ ሰውም ከምድር የተገኘውን መድኃኒት እንዳይንቅ ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲጠቀሙ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም አስተምረዋል። በዚያን ጊዜ በእንጦጦ ጠበል ለመፈወስ ብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ሕመምተኞች ነበሩና ትምህርቱ ለብዙዎች ሕይወት የሚያስፈልግ ነበር።

በውርጭ ማለዳ ድንገት በቀዝቃዛ ውሃ መጠመቅ ትንፋሽን ያስደነግጣል፤ የልብን ምትና የደምን ግፊት በቅጽበት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛ ደዌውን ለአጥማቂው ካህን አስቀድሞ ይንገር። ጠበል መጠመቂያ ብቻ አይደለም፤ ይጠጣል፣ ይረጫልም። የእግዚአብሔር ቸርነት በውሃው ብዛት አይለካምና ካህኑ ለሕመምተኛው የሚስማማውን ይምረጥለት።

ስለ ጾምም ቢሆን ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ሕመም የከለከለውን ሰው ከጤነኛው ለይቶ ይመለከተዋል። ነገር ግን ሕመምተኛ ለራሱ ብቻውን አይፍረድ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፣ የሐኪሙንም ቃል ይንገረው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከምግብ ጋራ በምን ሰዓት እንደሚወሰድ ይናገራል፤ የንስሐ አባቱ ደግሞ በምግብ የጎደለው ጾም በጸሎትና በምጽዋት እንዴት እንደሚሞላ ያሳየዋል።

መቋሚያ

አንባቢ ሆይ፣ በቅኔ ማኅሌት የሚቆሙትን ሊቃውንት ተመልከት። ሁሉም መቋሚያ ይዘዋል። መቋሚያ ብዙ ምሥጢር ይተረጐምበታል፤ በግልጥ የሚታየው ጥቅሙ ግን ሌሊቱን ሁሉ የቆመ ሰው ድካሙን እንዲያሳርፍበት ነው። አባቶቻችን ለምስጋና እንድንቆም ሥርዐት ሲሠሩ፣ ሥጋ ደካማ መሆኑን ዐውቀው የሚደገፍበትንም አብረው ሰጡት። በመቋሚያው ተደግፎ የሚዘምረውን መሪጌታ እምነቱ ላላ ያለው ማንም የለም። እንግዲያውስ ለአስም ሕመምተኛው የሚሳበው መድኃኒት፣ ለእማሆይ የሱፍ ካልሲያቸው፣ ልቡ ለደከመው ሽማግሌ ጋቢውና መቀመጫው ምንድን ናቸው? መቋሚያዎቻቸው ናቸው። በተቀደሰው ስፍራ ጫማ ማውለቅ ሙሴና ኢያሱ የታዘዙት ሥርዐት ነው፤ ይህንንም እናከብራለን። ካልሲው ግን ያንን ሥርዐት አያፈርስም፤ የደነዘዘውን እግር ይጠብቃል እንጂ።

የጉባኤው ዕዳ

እስካሁን የተናገርነው ለሕመምተኛው ነው፤ አሁን ደግሞ ለቀረነው እንናገር። ሕመምተኛ ብቻውን ብርድን አይችለውም። የንስሐ አባት በብርድ ወራት የልጆቹን ቤት ሲጐበኝ፣ ጸሎት አድርሶ ብቻ አይመለስ፤ መድኃኒቱ አልቆ እንደሆነ፣ ማንደጃው የት እንደሚያድር፣ የሚለብሱት እንዳላቸው ይጠይቅ። የሰበካ ጉባኤ ለሽማግሌዎችና ለድውያን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነፋስ የማይመታውን ቦታ ይለይላቸው፣ በድንጋዩም ላይ ምንጣፍ ያንጥፍላቸው። የማኅበርና የሰንበቴ ሰዎች በጉባኤያቸው የጎደለውን ሰው ስም ይጥሩ፤ በብርድ ወራት የቀረ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የቀረው ስለታከተው ሳይሆን መውጣት ስላልቻለ ነውና። በዕድሜ የገፋው ካህንም በልደት ሌሊት ተቀምጦ ቢዘምር፣ ወጣቶቹ ቦታውን ይሸፍኑለት እንጂ አይሙት።

በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22፣ የድኻውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ታዟል፤ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። ሕጉ ልብሱ እንዲመለስ ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትንም ሰዓት ወስኗል። ማታ የሚያስፈልግ ልብስ ጧት ቢመለስ አይጠቅምም። ጌታችንም በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ከታረዘው ሰውና ከታመመው ሰው ጋራ ራሱን አንድ አድርጎ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አልጋ ላይ ይገኛሉ።

ስለዚህ በየአጥቢያችሁ ያሉትን እንዲህ ያሉትን አባት ዛሬ ጠይቋቸው። መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ይዘው ይምጡ፤ ደቀ መዝሙራቸውም ጋቢውን ተሸክሞ ይከተላቸው። ለእማሆይም ካልሲ የሚገዛ ሰው ይገኝላቸው። ሐዋርያው በርኖሱን የለመነው ብርዱ ከያዘው በኋላ አይደለም፤ ጢሞቴዎስንም ክረምት ሳይገባ ና ብሎታል። እኛም ውርጩ ሳይወርድ እንድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።